የቀስታ ቀን



ዛሬ ወደዚህ አዳራሽ ከመምጣቴ በፊት እንጦጦ ነበርኩ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ ጤዛው ገና ከሣሩ አልተነሣም። በባሕር ዛፉ መሃል ዐሥራ አንድ ሯጮች አንድ በአንድ ተሰልፈው ሲመጡ አየሁ። ፊት ያለው ይመራል፤ የቀሩት ዓይናቸውን ከፊታቸው ካለው ሰው ተረከዝ አይነቅሉም። መሪው ዳገቱን በቀጥታ አይወጣም። በዛፎቹ መሃል እየተሹለከለከ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ዞር ብሎ ወደ ቀኝ ይመለሳል፤ ሰልፉም እንደ ክር ይከተለዋል። እንጨት የተሸከሙ አንዲት እናት ቆም ብለው አሳለፏቸው። ሩጫው ቀስ ያለ ስለነበር ከመጀመሪያው ሯጭ እስከ መጨረሻው ድረስ ሁሉም ሰላም ብለዋቸው አለፉ። ከሰልፉ መሃል ማራቶንን፣ ኪሎ ሜትሩን በ3 ደቂቃ ሂሳብ የሚሮጥ ሰው አለ። ዛሬ ጠዋት ግን አንዷን ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ከ6 ደቂቃ በላይ ፈጀ። ከኋላ ያሉት ሁለቱ ስለ ቤት ኪራይ ያወሩ ነበር።

ከዚያ ወርጄ በመስቀል አደባባይ አለፍኩ። እዚያ ደግሞ ዕድሜው አርባን የተሻገረ የሚመስል ሰው ደረጃውን ሽቅብ ቁልቁል ይሮጣል። ጫማው ገና ከካርቶን የወጣ ይመስላል። ፊቱ ጠቁሯል፣ አፉ ተከፍቷል፤ አንዱን ዙር በጨረሰ ቁጥር ጉልበቱን ይዞ አጎንብሶ ሰዓቱን ያያል። በዚያ ብርድ ከአልጋው መነሣቱን ከልቤ አደነቅሁለት፤ ግን ፈራሁለት። ከዓለም ፈጣን ሰዎች አንዱ ተራራ ላይ እያወራ ሲሮጥ፣ ጀማሪው ከተማ መሃል ትንፋሹ እስኪቆረጥ ይሮጣል። ዛሬ የምናገረው ነገር ሁሉ በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል ያለ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። በወጣትነቴ ለክለብ ሮጫለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜዬን የቢሮ ሠራተኞችን፣ ተማሪዎችን፣ ጡረተኞችንና ጥቂት ጎበዝ ልጆችን በማሠራት አሳልፌአለሁ። የሐኪም ሥራ የሆነው ላይ ስደርስ ወደ ሐኪም እልካችኋለሁ። በእነዚህ ዓመታት ካየኋቸው ጉዳቶች አብዛኞቹ የመጡት ከጥድፊያና ከዝምታ ነው።

ከጥድፊያው ልጀምር። ቀስ ብላችሁ ስትሮጡ ሰውነታችሁ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም እየጨመረ ይሄዳል፤ በጡንቻው ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበዛሉ፤ ስብን አቃጥሎ ወደ ጉልበት የሚለውጠው የጡንቻ ክፍል ይጎለብታል። ይህ ሁሉ በብዙ ሰዓት፣ በብዙ ወር የሚገነባ ነገር ስለሆነ በአንድ ቀን ጭንቅ አይገኝም። የታላላቅ ሯጮችን ልምምድ የመዘገቡ አጥኚዎች ደጋግመው ያገኙት ነገር አለ፤ ከሚሮጡት ውስጥ ከመቶ ሰማንያ ያህሉ ቀላል ሩጫ ነው። የቀረው ዳገት፣ ፋርትሌክ የሚባለው እየፈጠኑ እየቀነሱ የሚሮጥ ሩጫ፣ የትራክ ፍጥነት ነው። ጀማሪው ግን ሁለቱንም ይስታል። በቀላሉ ቀን ይፈጥናል፤ ስለዚህ በከባዱ ቀን ደክሞት ይመጣና መፍጠን ያቅተዋል። ሁሉም ቀን አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ቀን ግማሽ ድካም ይሆንበታል።

ታዲያ ቀስታው ስንት ነው? ሰዓት አያስፈልጋችሁም። እየሮጣችሁ ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ትንፋሽ ሳትቆርጡ ተናገሩ። ብቻችሁን ከሆናችሁ የልጆቻችሁን ስም ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው ጥሩ። ከአያት ስም ሳትደርሱ ትንፋሽ ካጠራችሁ ፈጥናችኋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በአንድ ትንፋሽ የምትስቡት ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለ ሰው በሩብ ያህል ያንሳል። ለዚህም ነው በየዓመቱ ኅዳር ላይ ለታላቁ ሩጫ ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ የሚመጡ ወገኖቻችን፣ እዚያ በቀላሉ የሚሮጡትን 10 ኪሎ ሜትር እዚህ ሲጀምሩት ደረታቸው የሚቃጠለው። ከመጡ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት በእርምጃና በቀላል ሩጫ ብቻ ይቆዩ፤ ሁለት ሳምንት ቢያገኙ ደግሞ ይመረጣል።

አሁን ወደ አጥንት። ይህን ነገር ብዙ ሰው ስለማያውቀው ጊዜ ወስጄ ልናገረው። ሩጫ ስትጀምሩ ልብና ሳንባ ቶሎ ይማራሉ፤ በወር ውስጥ ዳገቱ ይቀልላችኋል። በዚህ ጊዜ ሰው ይደሰትና እጥፍ ይሮጣል። አጥንትና ጅማት ግን ገና አልደረሱም። አጥንት የሚጠነክረው ቤት እንደሚታደስ ነው። መጀመሪያ አሮጌውን ያፈርሳል፣ ከዚያ በቦታው አዲሱን ይገነባል። ማፍረሱ ጥቂት ሳምንታት ይፈጃል፤ ግንባታው ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ልባችሁ «ጨምር» በሚላችሁ በሁለተኛው ወር፣ የቅልጥማችሁ አጥንት ግድግዳው ፈርሶ ጣራው በድጋፍ የቆመ ቤት ነው። ያን ጊዜ በየቀኑ አስፋልት ላይ ብትደበድቡት ይሰነጠቃል። ሯጮቻችን በሳምንት ውስጥ አስፋልት የሚረግጡበትን ቀን የሚቆጥቡት፣ የቀረውን በጫካና በኮረኮንች መንገድ የሚሮጡት በዘልማድ ብቻ አይደለም። ጫካ ውስጥ አንዱ እርምጃ ከሌላው አይመሳሰልም፤ ሸክሙ ከአጥንት ወደ አጥንት፣ ከጡንቻ ወደ ጡንቻ ይዘዋወራል። አፈሩም ይለሰልሳል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥሩና ድንጋዩ መፍጠንን ይከለክላል።

ለጀማሪ የማዘው እንዲህ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ 30 ደቂቃ፤ አንድ ደቂቃ ሩጡ፣ ሁለት ደቂቃ ተራመዱ። በየሳምንቱ የሩጫውን ደቂቃ በጥቂቱ ጨምሩ፣ የእርምጃውን ቀንሱ። በአራተኛው ሳምንት ቢሻላችሁም እንኳ መልሳችሁ ቀለል አድርጉት፤ ያቺ ሳምንት የግንበኛው ናት። ከ10 ሳምንት በኋላ ብዙ ጤነኛ ሰው 30 ደቂቃ ሳያቋርጥ ይሮጣል። ካልሆነላችሁ 14 ሳምንት ውሰዱ፤ ማንም የሚያባርራችሁ የለም። ፍጥነት የሚባለውን ነገር እስከዚያ ድረስ አትንኩት።

ስለ ዝምታው ደግሞ ከራሴ ልንገራችሁ። የ19 ዓመት ልጅ ሳለሁ ለአገር አቀፍ ውድድር ምርጫ አምስት ሳምንት ሲቀር የግራ ቅልጥሜ መታመም ጀመረ። መጀመሪያ ሩጫ ስጀምር ያመኛል፣ ሲሞቅ ይተወኛል። ከሳምንት በኋላ ሲሞቅም አልተወኝም። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት አንሶላው ሲነካው ከእንቅልፌ ያስነሣኝ ነበር። ለአሰልጣኜ አልነገርኩም፤ ከተናገርኩ ቦታዬን ሌላ ልጅ ይወስዳል ብዬ ፈራሁ። ለእናቴም አልነገርኩም። ጠዋት ካምፑ ሳይነቃ ተነሥቼ ቅልጥሜን በሙቅ ውሃ እነክር ነበር፤ ሳነክስ እንዳያዩኝ ከሰልፉ መጨረሻ እሰለፋለሁ። የማስታገሻ መርፌ ገዝቼ ተወጋሁ። በምርጫው ቀን፣ በ10,000 ሜትር ሰባተኛው ዙር ላይ፣ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማ ድምፅ ሰማሁ። ትራኩ ላይ ተቀመጥኩ። ስብራቱ በጊዜ ተናግሬ ቢሆን በሁለት ወር ዕረፍት የሚድን ስንጥቅ ነበር። እኔ ግን ዓመት ከመንፈቅ ቆሜ ቀረሁ፤ ስመለስም የቀድሞው ሯጭ አልነበርኩም።

ለዚህ ነው ሕመምን መለየት አስተምራለሁ የምለው። ከባድ ልምምድ በሠራችሁ ማግስት ጭናችሁና ባታችሁ በሰፊው ቢዝል፣ ደረጃ ስትወርዱ ቢጨንቃችሁ፣ በሁለት በሦስት ቀን ከቀነሰ፣ ያ ጤነኛ ሕመም ነው። አንድ ጣት የሚጠቁመው ሕመም ግን ሌላ ነው። ተቀመጡና ቅልጥማችሁን ከጉልበት በታች እስከ ቁርጭምጭሚት በአውራ ጣት እየተጫናችሁ ውረዱ። አንዲት የሳንቲም ስፋት ያላት ቦታ ላይ ስትደርሱ የሚያስዘልል ሕመም ካገኛችሁ፣ ሩጫውን በዚያው ቀን አቁሙ። በዚያ እግር ብቻ ቆማችሁ ትንሽ ዝለሉ፤ ካመማችሁ፣ ወይም ሌሊት ተኝታችሁ ካመማችሁ፣ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የመጀመሪያው ራጅ ምንም ላያሳይ እንደሚችል ዕወቁ፤ ስንጥቁ በራጅ እስኪታይ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። «ራጁ ደኅና ነው» ተብላችሁ ሕመሙ ካለ፣ ሕመሙን እመኑ። የተረከዝ ጅማት ሲሆን ደግሞ ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ ባሉት የመጀመሪያ እርምጃዎች ይናገራል፤ ደርቆ፣ አልታዘዝ ብሎ። እሱን ሙሉ ዕረፍት ብቻውን አያድነውም። ሩጫውን ቀንሶ፣ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን ቀስ ብሎ ዝቅና ከፍ በማድረግ ለወራት ማጠንከር ይፈልጋል።

ወጌሻን አከብራለሁ፤ የደከመ ጡንቻ የሚያውቅ እጅ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን የተሰነጠቀ አጥንት አይታሽም፣ አይጎተትም። የማስታገሻ ኪኒንና መርፌ ነገር ደግሞ ያሳስበኛል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመሙን ያደበዝዛሉ እንጂ አጥንቱን አይጠግኑም። ከረጅም ሩጫ በፊት ሲወሰዱ፣ በተለይ ውሃ በጎደለው ሰውነት ላይ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ ጨጓራን ያደማሉ። ለመሮጥ ስትሉ ማስታገሻ የምትውጡበት ቀን የማትሮጡበት ቀን መሆን አለበት።

ይህን ስናገር ሁልጊዜ ከአዳራሹ አንድ ሰው ይነሣና አበበ ቢቂላን ይጠቅስልኛል። እውነት ነው፤ ከቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን አምስት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። እኛ ግን ታሪኩን ግማሽ ላይ እናቆመዋለን። አበበ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የዓመታት መሠረት የነበረው፣ አሰልጣኝና ሐኪም አጠገቡ የነበሩለት ሰው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ ያው አበበ እግሩን አሞት 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። ማቋረጡ ከጀግንነቱ ምንም አልቀነሰበትም። በቅርቡም ያየነው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 የቦስተንን ማራቶን ያሸነፈው ሲሳይ ለማ ለፓሪስ ኦሎምፒክ ተመርጦ ነበር፤ ተጎዳ፣ መጎዳቱን ተናገረ፣ ቦታውን ለተጠባባቂው ለቀቀ። ተጠባባቂው ታምራት ቶላ ነበር፤ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን ወሰደ። እኔ በ19 ዓመቴ ያላደረግሁትን ሲሳይ በዓለም ፊት አደረገው። ለወጣቶች ሁሌ የምነግረው ስለ ታምራት ብቻ ሳይሆን ስለ ሲሳይም ነው።

አሁን ወደ ዕረፍት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን። ተረቱን ሁላችንም የምንጠቅሰው ለትዕግሥት ነው። ነገር ግን እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው ዶሮዋ 21 ቀን ስለታቀፈችው ነው። በሩጫም ማቀፊያው እንቅልፍ ነው። ልምምድ ሰውነትን ያቆስላል፤ የሚጠገነው ስትተኙ ነው። ካምፕ ውስጥ ያሉ ሯጮች ከምሳ በኋላ መጋረጃ ዘግተው ሲተኙ ያየ ሰው ሰነፎች ሊላቸው ይችላል። ሥራ ውሎ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ አምስት ሰዓት ተኝቶ፣ ንጋት ላይ የሚሮጥ ሰው ግን ከእነሱ ይልቅ የሚጎዳ ሰው ነው። ሌሊቱ ከጎደለባችሁ ሩጫውን ቀንሱ እንጂ እንቅልፉን አትቀንሱ። ጠዋት ከአልጋ ሳትወርዱ የልብ ምታችሁን ቁጠሩ፤ ከወትሮው በብዙ ከፍ ብሎ ለቀናት ከቆየ፣ ቁጣ ቁጣ ካላችሁ፣ የምትወዱት ምግብ ካስጠላችሁ፣ ሰውነታችሁ ዕዳ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በአገራችን የደከመው ሯጭ ሁሉ «ታይፎይድ ነው» ይባላል፤ በአንድ የደም ጠብታ ምርመራ ተነግሮት አንቲባዮቲክ ውጦ ይመለሳል። ያ ምርመራ ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ ድሮ የያዘህን ወይም ያልያዘህን ሊያሳይ ይችላል። ትኩሳት ሳይኖር ለሳምንታት የዘለቀ ድካም ካለ ስለ ደም ማነስ፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ጠይቁ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ካለ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይደረግ። ትኩሳት ባለበት ቀን ደግሞ በፍጹም አይሮጥም፤ ሕመሙ የልብን ጡንቻ የነካ እንደሆነ ሩጫው ሊገድል ይችላል።

ወደ ማዕድ እንምጣ። ሯጭ ብረት የሚባለውን ማዕድን ከሌላው ሰው አብዝቶ ያጣል፤ በላብ፣ በአንጀት፣ እግር መሬት በመታ ቁጥር በሚፈርሱ ቀይ የደም ሕዋሳት። ከፍታ ላይ የሚኖር ሰውነት ደግሞ ብዙ ደም ለመሥራት ብረት ይፈልጋል። ጤፋችን ብረት አለው፣ ምስራችንም አለው፤ ግን የእህልና የጥራጥሬ ብረት ከሥጋው ይልቅ በአንጀት በኩል በችግር ነው የሚያልፈው። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ይሻሻላል። ምስሩ ላይ ሎሚ ብትጨምቁ፣ ከጎኑ ቃሪያና ቲማቲም ብትበሉ የበለጠ ይሻሻላል። ነገሩን የሚያበላሸው ከምግቡ ጋር የምንጠጣው ሻይና ቡና ነው፤ ብረቱን አስረው ያስቀሩታል። ቡናችሁን ተዉ አልልም፤ ከገበታው አንድ ሰዓት አርቁት። በጾም ወራት፣ በተለይ በ55ቱ ቀን ዐቢይ ጾም፣ ከባዱን ልምምድ ወደ ሌላ ጊዜ አዛውሩ፤ ቀላሉን ሩጫ ጾሙ ሊፈታ ሲል አድርጉትና ወዲያው ተመገቡ። ሽሮ፣ አተር፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ በሶ በብዛት ይግባ። በረመዳን የሚጾም ሯጭም ከማፍጠሪያው በፊት ባለችው ሰዓት ቀለል አድርጎ ይሩጥ፤ ውሃውን እስከ ሌሊቱ ምግብ ድረስ ከፋፍሎ ይጠጣ። ድካም ሲበረታ ፌሪቲን የሚባለውን የደም ምርመራ አሠሩ፤ በሰውነት የተከማቸውን ብረት ይለካል። ሳትመረመሩ የብረት ኪኒን አትዋጡ፤ ሲበዛ ጉበትንና ልብን ይጎዳል።

ስለ ሴት ልጆቻችን የምናገረውን አባቶችና አሰልጣኞች አድምጡኝ። አንዲት ሯጭ የወር አበባዋ ሦስት ወር ከቆመ «ልምምዱ ሠራ» ማለት አይደለም። ከምታወጣው ጉልበት የምትበላው አንሶ፣ ሰውነቷ ያልተገደደበትን ሥራ ሁሉ እየዘጋ ነው። ከዚያ ሆርሞኑ ይወርዳል፣ አጥንቷ ይሳሳል፣ ስንጥቅ ይመጣል። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ይህን የጉልበት ጉድለት ችግር ለይቶ ያወጣው ወንዶችንም ጨምሮ ነው፤ በወንዱ ላይ ምልክቱ ስለሚደበቅ ብቻ አይታወቅም። አጥንት የሚከማቸው በጉርምስና ዕድሜ ነው። በ16 ዓመቷ የጎደለውን በ30 ዓመቷ ሙሉ በሙሉ መመለስ አይቻልም። ልጅቷ ይህን ለወንድ አሰልጣኝ ለመናገር ታፍራለች፤ ስለዚህ በየክለቡ የምትነግራት አንዲት ሴት ትኑር። «ክብደት ቀንሺ» የሚል ቃል ከአሰልጣኝ አፍ ባይወጣ እመርጣለሁ። ወልዳ ለመመለስ ለምታስብ ደግሞ ደራርቱ ቱሉ አለችላት። እ.ኤ.አ. በ1998 ወልዳ በ2000 ሲድኒ ላይ የ10,000 ሜትር ወርቋን ወሰደች። በመካከሉ ሁለት ዓመት አለ፤ ሁለት ወር አይደለም።

ውሃን በተመለከተ ፍርሃታችን ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የቦስተን ማራቶን ላይ ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች ውስጥ ከመቶ 13ቱ በደማቸው ያለው ጨው ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኘ፤ ዋናው ምክንያት ከላባቸው በላይ መጠጣታቸው ነበር። ይህ ሲብስ አንጎል ያብጣል፣ ይገድላል። ሲጠማችሁ ጠጡ። ለ10 ኪሎ ሜትር በአዲስ አበባ አየር ጥቂት ጉንጭ ይበቃል። ዱባይና ሪያድ ለምትሮጡ ግን ሙቀቱ ራሱ ጠላት ነው፤ ሰውነት ሙቀቱን እስኪለምድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ ከንጋት በፊት ሩጡ። ሙቀት የመታው ሯጭ ይንገዳገዳል፣ ይቀባጥራል፣ ስሙን ሊስት ይችላል። አምቡላንስ ይጠራ፤ እስኪመጣ ግን አትጠብቁ። ልብሱን አውልቁ፣ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እስከ አንገቱ አስገቡት፤ ገንዳ ከሌለ በባልዲ ሳታቋርጡ አፍስሱበት። አንጎሉን የሚያድነው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚደረገው ማቀዝቀዝ ነው።

ልብን ሰው ይፈራል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2010 ማራቶንና ግማሽ ማራቶን ከሮጡ 10.9 ሚሊዮን ሰዎች መካከል ልባቸው የቆመው 59 ነበሩ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ አብዛኞቹም አስቀድሞ ያልታወቀ የልብ ችግር የነበረባቸው ናቸው። ሲሮጥ ደረቱ የሚጨመደድ፣ በሩጫ መሃል ራሱን የሳተ፣ ከዘመዶቹ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ያለበት ሰው ሳይመረመር አይሩጥ። በልጅነቱ ከጉሮሮ ሕመም በኋላ መገጣጠሚያው ያበጠበት ሰውም እንዲሁ፤ ያ በሽታ የልብን በሮች ይጎዳል፤ በአገራችንም ብዙ ነው። አርባን አልፋችሁ ደም ግፊት ወይም ስኳር ካለባችሁ መጀመሪያ ሐኪም ያያችሁ። አጠገባችሁ የሚሮጥ ሰው ወድቆ ካልነቃና በደንብ ካልተነፈሰ፣ ሁለት እጃችሁን ደራርባችሁ የደረቱን መሃል ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር እየተጫናችሁ ልቀቁ፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ እርዳታ እስኪደርስ። ውሃ አትርጩበት፣ ክብሪት አታሽትቱት።

ጫማ ላይ ብዙ አልናገርም፤ እግራችሁን የማይቆነጥጥ፣ ሱቁ ውስጥ ሮጣችሁ የተመቻችሁ ይበቃል። የአየሩ ነገር ግን ቀላል አይደለም። አስም ያለበት ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2008 የቤጂንግን ኦሎምፒክ ማራቶን የአየር ብክለቱን ፈርቶ ተወው፤ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ በርሊን ውስጥ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ከጭነት መኪና ኋላ ከመሮጥ አንድ ሰፈር ተሻግሮ ሣር መፈለግ ይሻላል።

ጊዜዬ አልቋል። አሰልጣኞች፣ ነገ ጠዋት ልምምድ ከመጀመራችሁ በፊት ልጆቹን አንድ በአንድ «ምን ያምሃል? ምን ያምሻል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የተናገረውን ልጅ ደግሞ በመናገሩ አትቅጡት። ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁኝ። ከመሃላችሁ ግን ቅልጥሙን ደብቆ የተቀመጠ ወጣት ካለ በሰው ፊት እጁን ማንሣት የለበትም። ሁሉም ከወጣ በኋላ እዚያ በሩ አጠገብ እቆማለሁ፤ ይምጣ።